አሳ ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ግዙ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዓለም ገና፣ የቡታጅራው መንገድ ከጅማው የሚገነጠልበት አካባቢ ብትቆሙ የአዲስ አበባ አሳ ሲገባ ታያላችሁ። ሁሉም አይደለም፣ የተወሰነው። ከዝዋይ በቡታጅራ ዞሮ የሚመጣ አለ። ከአርባ ምንጭ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ አለ። አብዛኛው የዝዋይና የሐዋሳ አሳ ግን በሞጆ አድርጎ በገላንና በቃሊቲ ነው የሚገባው፤ የጣናው ደግሞ በሱሉልታ በኩል ይወርዳል። የእናንተም ሥራ የሚጀምረው ከእነዚህ በሮች በአንዱ ላይ ነው። ቢሮ ተቀምጦ የአሳ ግዢ መምራት አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ድንገት ሥራው ለተጣለበት ሰው ነው። የምትሰሩበት በጎ አድራጎት ድርጅት ሐይቅና የውሃ ሕይወት ይጠብቃል እንበል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ሆቴሎቹና ካፍቴሪያዎቹ ሐይቁን የማይጎዳ አሳ እንዲገዙ ማድረግ አለብን፣ ሥራውን አንተ ምራው» ይባላል። ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

የመጀመሪያው ሀሳብ ፖስተር ማሰራት ነው የሚሆነው። ተዉት። አስጋሪው ትንሽ አሳ የሚያወጣው ጥፋት መሆኑን ስላላወቀ አይደለም። ከእናንተ በላይ ያውቃል። ትልቁን እስኪያገኝ የሚጠብቅበት ገንዘብ ስለሌለው ነው። ስለዚህ የእናንተ ሥራ፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ሆኖ፣ ለመጠበቅ የሚከፍል ገዢ ማግኘት ነው።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ እዩ

ደብተር ያዙ። አሳው ምን ዓይነት ነው፣ ከየት መጣ፣ በረዶ አለው ወይስ ደረቅ ማዳበሪያ ውስጥ ነው፣ ማን ተረከበው፣ ከውሃ ከወጣ ስንት ሰዓት ሆነው። ይህን ብቻ ጻፉ። ጥያቄ አታብዙ፣ ፎቶ አታንሱ። ደብተር ይዞ አሳ የሚያይ ሰው ወይ ገቢዎች ነው ወይ ጤና ቢሮ ተብሎ ነው የሚታሰበው።

እኔን አንዲት ነጋዴ ሦስት ቀን ስታየኝ ቆይታ በአራተኛው፣ «ልጄ፣ ግብር ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ፤ ካልሆነ ይህን ሳጥን ያዝልኝ» አለችኝ። ሳጥኑን ያዝኩላት። እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳወርድ ቆየሁ። ያን ቀን የነገረችኝ ከሦስት ስልጠና ይበልጣል። ለምሳሌ ሳጥኑ ላይ ከላይ ትልልቁ ይደረደራል፣ ከታች ትንንሹ ይሞላል። ለፊሌቶ ቤቶች የሚሄደው ከታች ያለው ነው፣ ምክንያቱም ቆዳው ተገፎ ሲቆረጥ መጠኑን ማንም አይጠይቅም።

እግረ መንገዳችሁን ትኩስ አሳ መለየት ተማሩ። አሳ ግማቱ ከአናቱ የሚባለው ለአለቆች ብቻ አይደለም፤ እናንተም ከአናቱ ጀምሩ። ስንጥቡን ከፍታችሁ እዩ፦ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ ቡናማ ከሄደ ቆይቷል። ዓይኑ የወጣና የጠራ ይሁን፣ የጎደጎደና የደፈረሰ አይሁን። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ተመልሶ ካልተነሳ ተዉት። ይህ የጥበቃ ሥራ አይመስልም፣ ግን ነው። መንገድ ላይ የተበላሸ አሳ ሁሉ ከሐይቁ በከንቱ የወጣ አሳ ነው፤ እሱን ለመተካት ሌላ መረብ ይጣላል።

ሐይቁን ሳታውቁ አሳውን አታውቁትም

ሆቴል ገብታችሁ «አሳው ከየት ነው?» ብትሉ መልሱ «ከዝዋይ» ነው። ሁልጊዜ። የጣናም ዝዋይ ነው፣ የቆቃም ዝዋይ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

በብዛት የምታገኙት ቆሮሶ ነው። ውጭ አገር ቲላፒያ የሚሉት ማለት ነው። የእናቲቱ ነገር ይገርማል፦ እንቁላሉን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ አንድ አስጋሪ ከመረብ ሲያላቅቃት ከአፏ እንደ ደቃቅ ማሽላ ያለ ቢጫ ነገር ጀልባው ላይ ተበተነ። «ይሄ ምንድነው?» አልኩ። «የከርሞው» አለኝ፣ በእግሩ ጠረግ እያደረገ። የሐይቁ ሰዎች ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውታል፤ እኛ ሃምሳ ገጽ ፕሮፖዛል እንጽፋለን።

አምባዛ ሁለተኛው ነው። ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው። ብዙ ሰው ቅርፊት የለውም ብሎ አይበላውም፤ ኦሪት ውስጥ የተጻፈውን ይጠቅስላችኋል። ስለዚህ በሙሉ አካሉ አይሸጥም፣ ተቆርጦ «አሳ» ተብሎ ይገባል። ካርፕ ደግሞ እንግዳ ነው፣ ከውጭ መጥቶ በዝዋይና በቆቃ የተስፋፋ። የሐይቁን ዳርና የታችኛውን ጭቃ እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል። እሾህ ስለሚበዛው ሆቴል አይወደውም። እኔ ግን በደስታ የምገዛው እሱን ነው፤ ለምን እንደሆነ ወጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ናይል ፐርች ከጫሞና ከአባያ ይመጣል። ጫሞ ላይ ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ክፉኛ ቀንሷል። ትልቅ ፊሌቶ የሚፈልግ ሆቴል ሁሉ እሱን ስለሚጠይቅ ነው። እኔ አልገዛም። ከእናንተ ገዢዎች አንዱ የግድ ካለ፣ ቢያንስ ትንንሹን እንዳይወስድ አድርጉ።

ጣና ለብቻው ይታይ። እዚያ ላቢዮባርበስ የሚባሉ፣ ሌላ የትም የማይገኙ ከደርዘን በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ነው የሚራቡት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ። አሳው ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ ይጠብቀዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ውስጥ፣ በአስር ዓመት ገደማ ጊዜ፣ የባርበሱ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ እንዳሽቆለቆለ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በዚያ ላይ እንቦጩ አለ፣ ከሱዳን በኩል የገባው ርካሽ ስስ የናይለን መረብ አለ። ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ናት፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጣና ባርበስ አይገዛም። በቃ። ቆሮሶና አምባዛ ከሆነ እንነጋገራለን።

ንጋት ሐይቅ ደግሞ አዲስ ነው። ከህዳሴው ግድብ ጀርባ ያለው ማለቴ ነው። ሁሉም «አሳ ሞልቷል» እያለ ነው። አዲስ ግድብ ሲሞላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሳ መርባቱ የተለመደ ነው፤ የተዋጠው ሳርና ዛፍ እየበሰበሰ ምግብ ይሆናል። ከዚያ ይቀንሳል። ከእሱ ግዙ፣ ግን የአምስት ዓመት እቅዳችሁን እሱ ላይ አትስቀሉ።

ከአባ ሳሙኤል ግድብ አትግዙ። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁሉ ይዘው የሚገቡት እዚያ ነው።

ማስመሪያዋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ሜትር የምትሆን ጣውላ ፈልጉ። አንዱ ጫፏ ላይ ሌላ ትንሽ ጣውላ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱ፣ የአሳው አፍንጫ የሚነካው እሱን ነው። በጣውላዋ ርዝመት የሜትር ምልክት ለጥፉ። ከዚያ በቀለም መስመር አስምሩ፦ አሳው አፍንጫው ከጫፉ ተደግፎ ጭራው መስመሩን ካላለፈ አይገዛም። ጎረቤቴ ያለ አናጢ በአንድ ሰዓት ነው የሰራልኝ፣ ምን እንደሆነች ሲገባውም ሳቀብኝ።

መስመሩ የት ላይ ይሁን? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለሁሉም ሐይቅ አንድ መስመር አይሰራም። የጫሞ ቆሮሶ ከሐዋሳው በጣም ገዝፎ ነው ለመራባት የሚደርሰው። በሐዋሳ መስመር የጫሞን ከለካችሁ ሕፃናቱን ሁሉ «ደርሷል» ብላችሁ ታሳልፋላችሁ። ስለዚህ ለየሐይቁ የተለያየ ቀለም። ቁጥሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ ብሔራዊ የአሳና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ ሰበታ ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ የትኛው ሐይቅ አሳ በስንት ሳንቲሜትር ለመራባት እንደሚደርስ ጠይቁ። ከዚያ ከቁጥሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስምሩ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወልዶ እንዲወጣ።

ራሳችሁም አረጋግጡ። ከትንሽ እስከ ትልቅ ሠላሳ ያህል አሳ ግዙና ወጥ ቤት ውስጥ ሆዱን ክፈቱ። እንቁላል የያዘችው ትንሿ ስንት ሳንቲሜትር ናት? ደብተር ላይ አስፍሩ። ሼፉም ይይ። አንድ ሼፍ በዓይኑ ያየውን ነገር ከእናንተ መቶ ስላይድ የበለጠ ያምናል።

መረቡንም ለኩ፣ ሐይቁ ድረስ ከሄዳችሁ። የመረቡን አንድ ዓይን በሁለት ጣት ወጥራችሁ ከቋጠሮ እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ ያለውን ነው የምትለኩት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሎችም የየራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል። የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት ከወረዳው የአሳ ባለሙያ ጠይቁ። ግን ለአስጋሪው አዋጅ አታንብቡለት። እናንተ ፖሊስ አይደላችሁም፣ ገዢ ናችሁ። «ይሄን አልገዛም፣ ያንን በዚህ ዋጋ እገዛለሁ» ብቻ በሉ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ፣ ብርብራ። የዛፉን ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ ሲበትኑት አሳው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም፣ የከርሞውንም አብሮ ይጨርሳል። በአንድ አካባቢ ይህ እንደሚሰራ ከሰማችሁ ከዚያ መግዛት አቁሙ፣ ለምን እንዳቆማችሁም በግልጽ ንገሯቸው።

ደላላውን አትዝለሉት

እንደ እኔ አትሁኑ። የመጀመሪያ ወር ላይ «ደላላ ነው ሁሉን የሚያበላሸው፣ በቀጥታ ከአስጋሪው እንግዛ» ብዬ አንድ ሀይሩፍ ተከራየሁ። ባቱ ሄጄ 80 ኪሎ ቆሮሶ ገዛሁ፣ ሁሉም ከመስመሩ በላይ፣ የሚያምር። በረዶ ግን ለግማሹ ብቻ የሚበቃ ነበር ያገኘሁት። «ሦስት ሰዓት ነው፣ ምን ይሆናል» አልኩ። ሞጆ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መጠባበቂያው ጎማ አየር አልነበረውም። ፀሐይ። ዓለም ገና ስደርስ ሼፉ ክዳኑን ከፍቶ አየኝና ምንም ሳይናገር መልሶ ዘጋው። ከ80 ኪሎው የተረፈው ከግማሽ በታች ነው። ሐይቁን ላድን ወጥቼ ከአርባ ኪሎ በላይ አሳ መሬት ቀብሬ ተመለስኩ። ጥፋቱ የሹፌሩም የመንገዱም አይደለም፣ የእኔው ነው።

ደላላው የሚያውቀው ይህንን ነው። በረዶ የት እንደሚገኝ ያውቃል። መኪናው ቢበላሽ የሚደውልለት ሰው አለው። ለአስጋሪው መረብና ነዳጅ በዱቤ የሚያቀርበውም በብዙ ቦታ እሱ ነው፤ አስጋሪው ያገኘውን ሁሉ፣ ትንሹንም ጭምር፣ የሚያመጣለት በዚህ እዳ ምክንያት ነው። እዳውን ሳትነኩ መረቡን አትቀይሩትም። ስለዚህ ደላላውን ከጨዋታ አታስወጡት፣ ጨዋታውን ቀይሩለት።

እኔ የማቀርበው ይህን ነው። አንደኛ፣ ቋሚ ቀን፦ ማክሰኞና ሐሙስ ይህን ያህል ኪሎ፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ። ሁለተኛ፣ ከመስመሩ በላይ ለሆነው ከገበያው ዋጋ ጭማሪ፣ ከመስመሩ በታች ላለው ግን ዜሮ። ቅናሽ አይደለም፣ ዜሮ። በቅናሽ ከገዛችሁ ትንሹ አሳ ገበያ አገኘ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቀብድ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ቀብድ የወሰደ ሰው ስልክ ያነሳል። በምትኩ ከእሱ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ለአንድ ኪሎ አሳ አንድ ኪሎ በረዶ፣ እና ሳጥኑ ላይ የሐይቁና የአሳው ስም የተጻፈበት ወረቀት። ወረቀቱ መጀመሪያ ላይ ውሸት ይሆናል። ሁሉም «ዝዋይ» ይላል። በሁለተኛው ወር፣ የማይዋሽ የተሻለ እንደሚከፈለው ሲያይ፣ እውነት መጻፍ ይጀምራል። ካልጀመረ ሌላ ደላላ ፈልጉ።

ውሉ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ከባቱ አስጋሪዎች ማህበር ጋር ከሆነ በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁት። ጠበቃ የጻፈው አሥር ገጽ ውል ማንንም አያስርም፣ ማንም አያነበውማ።

የፆሙ ወራት

የዓመቱ ትልቁ ፈተና ዐቢይ ፆም ነው። አሳ ይፆማል፣ አይፆምም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ፤ ገበያው ግን መልሱን ሰጥቷል። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የአሳ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሁሉም ጀልባ ይወጣል።

አሁን ቀኑን ከአሳው ቀን ጋር አስተያዩት። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ በዋናነት የሚራባው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፣ ሌላው ደግሞ በክረምት። ዐቢይ ፆም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ማለትም እኛ አሳ በጣም በምንፈልግበት ሰዓት እናቲቱ አፏን ሞልታ እየዞረች ነው። ይህን ለአንድ የሆቴል ባለቤት ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ ምን ላብላ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስ ሳትይዙ አትሂዱ።

የእኔ መልስ ሦስት ቁራጭ ነው። ፆሙ ከመግባቱ ሁለት ወር በፊት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ከገዢዎቹ ጋር ተቀምጬ ምናሌውን እንለውጣለን፦ በሳምንት አምስት ቀን ቆሮሶ የነበረው ሁለት ቀን ይሆናል፣ የቀረው ካርፕ፣ አምባዛና የኩሬ አሳ። ሁለተኛ፣ ፍሪዘር ያለው ገዢ ከጥር በፊት የገዛውን ቆሮሶ ያስቀምጣል። ሦስተኛ፣ በዚያ ወቅት መስመሯን በጥብቅ እንይዛለን። በሌላ ጊዜ በአንድ ጣት የጎደለ አሳ ላይ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ይሆናል፣ አልዋሽም። በፆም ግን አላደርገውም።

ወጥ ቤቱ

ሥራው የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። ሼፉ ካልወደደው ውላችሁ ወረቀት ነው።

በመጀመሪያ ሂሳቡን አስሉት። ከሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሙሉ አሳ በኪሎ 100 ብር ነው እንበል፣ ለሂሳብ እንዲመች። አንድ ኪሎ ፊሌቶ ለማግኘት ሦስት ኪሎ አሳ ያስፈልጋል፣ ማለትም 300 ብር፣ ከነጉልበቱ ደግሞ ይጨምራል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ ፊሌቶ በ220 ብር ላቅርብ ቢላችሁ ወይ ትንንሽ አሳ ነው፣ ወይ አምባዛ ነው ቆሮሶ ተብሎ፣ ወይ የቆየ ነው። አራተኛ አማራጭ እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ሙሉውን አሳ እንዲገዙ ገፋፉ። ራሱና አጥንቱ ለሾርባ ይሆናል፣ የተራረፈው ሥጋ ለዱለት። ሙሉ አሳ መጠኑን አይደብቅም፣ ያንን ነው የምንፈልገው። ፊሌቶ የግድ ከሆነ ቢያንስ በአንዱ ጎን ቆዳው ይኑር።

ካርፑን የምወደው ለዚህ ነው። እንደወረደ ጠብሰው ካቀረቡት ደንበኛ በእሾህ ይታነቃል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ግን ጎኑን በስለት፣ ጣት ለጣት ሳይሆን እንደ ክር በተጠጋጋ መስመር፣ እስከ አጥንቱ ድረስ ብትሰነጥቁትና በደንብ በጋለ ዘይት ብትጠብሱት ቀጫጭኑ እሾህ ይሰባበራል፣ አይሰማም። ወይም ይፈጭና በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በአዋዜ ዱለት ይሰራ። አንድ የገላን አካባቢ የፋብሪካ ካፍቴሪያ የካርፕ ዱለቱን ሐሙስ ሐሙስ ያወጣል፤ ከምሳ ሰዓት በፊት ነው የሚያልቀው። ሐይቁን የሚያውክ እንግዳ አሳ በልተን የአገሬውን እናሳርፋለን። ጥሩ ንግድ ነው።

የኩሬ አሳ

ሰበታና ሆለታ አካባቢ አሳ በኩሬ የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን «የኩሬ ነው» መባሉ ብቻ አያበቃም። አራት ነገር ጠይቁ። የአሳ ጫጩቱን ከየት አመጡ? ውሃውን ከየት ያመጣሉ፣ ሲለውጡትስ ወዴት ይለቁታል? ምን ያበሉታል? ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ከሆነ ደህና ነው፤ ከሐይቅ የተያዘ ትንንሽ አሳ ፈጭተው ከሆነ ግን ችግሩን አዙረን ገዛነው ማለት ነው። አራተኛው፣ በዝናብ ጊዜ ኩሬው ሞልቶ ይፈሳል ወይ? ካርፕ ከኩሬ ያመለጠበት ወንዝ ካርፑን መልሶ አይሰጥም።

ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ይራባል፣ ከዚያ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ወንድ ወንዱን ብቻ የሚያረባ ገበሬ ካገኛችሁ ሥራውን የሚያውቅ ነው፣ ያዙት።

የባሕሩ አሳ

ባሕር የለንም፣ የባሕር አሳ ግን በቆርቆሮ በየሱቁ ሞልቷል። ድርጅታችሁ የባሕር ጉዳይ ላይም የሚሰራ ከሆነ እዚህ ጋ ጥቂት ቆዩ። ቆርቆሮውን አዙሩት። የአሳው ዝርያ ስም ተጽፏል? «ቱና» ብቻ ከሆነ ምንም አልነገራችሁም። «ስኪፕጃክ» የሚል ከሆነ በፍጥነት የሚራባ ዝርያ ነው፣ ከሌሎቹ ይሻላል። የት እንደተያዘ? 51 የሚል ቁጥር ካያችሁ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ማለት ነው፣ ቀይ ባሕርን ይጨምራል። በምን ተያዘ? በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ የተያዘ ከሆነ ጥሩ። በውሃ ላይ ተንሳፋፊ ነገር አስቀምጠው ዙሪያውን በመረብ ከከበቡት ግን የሌሎች ቱናዎች ግልገልና ሻርክም አብሮ ይገባል።

ሰማያዊው የኤም ኤስ ሲ ምልክት በአውሮፓውያን 1997 የተቋቋመ ድርጅት ነው የሚሰጠው፣ ዝርያውን ሳያሟጥጥ ከተፈጥሮ ውሃ ለተያዘ፣ በእርባታ ላልመጣ አሳ። ፍጹም አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል። የዶልፊን ስዕል ያለበት ምልክት ሌላ ነገር ነው፤ ዶልፊን አልተጎዳም ይላል እንጂ ቱናው አልተሟጠጠም አይልም። በጅቡቲ በኩል የሚመጣ በረዶ አሳ ላይ ደግሞ ግሩፐር ከተባለ ተጠንቀቁ። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሴት ሆነው ጀምረው ሲተልቁ ወንድ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ትልልቁን ብቻ ለቅሞ መብላት ወንዱን መጨረስ ነው። እዚህ ጋ ማስመሪያዬ በተቃራኒው እንደሚሰራ ልብ በሉ።

ደረሰኙ

ሂሳብ ክፍሉ ይጣላችኋል። ገና ከመጀመሪያው እወቁት። አስጋሪው ደረሰኝ የለውም፣ ደላላውም አብዛኛውን ጊዜ የለውም፣ ለጋሹ ግን ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አያሳልፍም። መፍትሄው በማህበር መግዛት ነው፦ የተመዘገበ የአስጋሪዎች ማህበር ቲን ቁጥርም ደረሰኝም ይኖረዋል። ደላላው ለማጓጓዣው ለብቻ ይከፈለው።

ሌላው፣ ድርጅታችሁ ራሱ አሳ ነጋዴ አይሁን። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሰሩ ይፈቅዳል፣ ግን ሒሳቡን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ የራሱ ጣጣ አለው። እኛ የምንሰራው ገዢና ሻጭ ማገናኘት፣ መለካትና ጭማሪውን ለመጀመሪያው ስድስት ወር መደጎም ነው። ከዚያ በኋላ ጭማሪውን ሆቴሉ ይችላል ወይም አይችልም። ካልቻለ ያኔ በጊዜ እወቁት።

ሪፖርታችሁ ላይ ስንት ኪሎ እንደገዛችሁ አታሞግሱ። ብዙ መግዛት ለሐይቅ ድል አይደለም። የምጽፈው አንድ ቁጥር ነው፦ ከተለካው መቶ አሳ ስንቱ ከመስመሩ በታች ሆነ። በየሳምንቱ እለካለሁ፣ መቶ አሳ፣ ከሳጥኑ ከታች ወስጄ። ቁጥሩ ሲወርድ ሥራው እየሰራ ነው። ካልወረደ ጥፋቱን ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ጭማሪው ከደላላው ኪስ አልፎ አስጋሪው ዘንድ ስላልደረሰ ነው። ባቱ ደውላችሁ «ስንት ተከፈለህ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ነው።

አንድ ሳምንት ቀረች፣ ማንም በእቅዱ ውስጥ የማያስገባት። የፋሲካ ማግስት። ሁሉም ወደ ሥጋው ይመለሳል፣ አሳ የሚጠይቅ ይጠፋል፣ ትናንት ይለመን የነበረ አስጋሪ ስልክ የሚያነሳለት ያጣል። ዋጋው ሲወድቅ ጎዶሎውን በብዛት ለመሙላት ይገደዳል፣ ጠባቧን መረብ ከቤት ያወጣታል። ገዢዎቻችሁ «በዚህ ሳምንት አንፈልግም» ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው፣ ዶሮና በግ ሞልቷል። ስለዚህ ውሉን ኅዳር ላይ ስትፈርሙ ያቺን ሳምንት በስም ጻፏት። ማክሰኞም ሐሙስም፣ ግማሽ መጠን ቢሆን እንኳ፣ በፆሙ ዋጋ ሳይሆን በውሉ ዋጋ ይገዛል። አሳው ፍሪዘር ይግባ፣ ወይም ለሠራተኞች ምሳ ይሁን። ባለፈው ዓመት እኛ 30 ኪሎ ገዝተን ለቢሮው ሰው ሁሉ በፌስታል አደልነው፤ ዘበኛው ሁለት ወሰደ።